አራት ጣት ከፍ ያለው ጥይት

እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር፣ ሙላት የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ምድር ቤቱን ተከራይቶ ሲሰፋ የሚውል፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። አንድ ጥፋት ብቻ አለበት፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በዓይኑ ይለካል። ባለፈው ማክሰኞ የቀሚሴን እጅጌ ላሳጥር ወርጄ «እማማ የሺ፣ አይቼዋለሁ፣ ገብቶኛል» ሲለኝ ደሜ ፈላ። «ማየቱንማ እኔም አያለሁ! ለካው እንጂ!» አልኩት። እየሳቀ ለካው። መስፋት ከመጀመሩ በፊት ታዲያ የስፌት መኪናዋን ወደ ኋላ ገልብጦ፣ ከትንሽዬ ጠርሙስ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርግላት ጀመር። በቃ፣ ያ ሽታ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ከብረት ጋር ሲገናኝ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሽታ። ቁጭ ባልኩበት ፈዝዤ ቀረሁ።

«እማማ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ዘይትህ ባሻ ቶሌራን ሸተተኝ።»

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«ወይ አንተ! ባሌማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚሸተው ሲጋራ ነበር። ባሻ የክር ፋብሪካችን የዘበኞች አለቃ ነበሩ። ሽጉጣቸውን በእኛ በመፍተያ መኪና ዘይት ነበር የሚወለውሉት።»

«ሽጉጥ» የሚለውን ሲሰማ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ወንድ ልጅ ሽጉጥ ከተባለ ሥራ የለም። እየሰፋህ ስማ ብዬ ያወራሁለትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ለእሱ ሳወራ የዘለልኩትንም ጭምር።

ያኔ አቃቂ ማለት ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካ ማለትም አቃቂ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ሲጮህ የሠፈሩ ዶሮ ሁሉ ዝም ይላል። ከሳሪስ የሚመጣው አውቶቡስ ሰው ጠቅጥቆ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ ወደ እኛ በር የሚወስደውን ዳገት እያቃሰተ ይወጣል። ቲኬቱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ዛሬ ከዚህ ከገላን ሳሪስ ለመድረስ የምከፍለውን ለዚያ ዘመን ሰው ብነግረው ሱቅ ልትገዢ ነው ወይ ይለኛል። እኛ ሴቶቹ ቴትሮን ጉርድ፣ ክንዱ ነፋ ያለ ሸሚዝ፣ ፀጉራችንን አፍሮ አበጥረን በላዩ ላይ የፋብሪካውን ነጭ ሻሽ እናስራለን። ሻሹ አፍሮውን ስለሚጨፈልቀው በር ላይ እስክንደርስ አናስረውም ነበር። ወንዶቹ ታፋው ጠበብ፣ እግሩ የአዳራሽ በር የሚያህል ሱሪ ለብሰው፣ የጥጥ ብናኝ እንዳይዝባቸው ካልሲያቸው ውስጥ ይከቱታል። አቤት ስናምር! ከበሩ ፊት ለፊት ጥጉ ላይ የቆመው ሻይ ቤት በስሙኒ ሻይና ትኩስ ዳቦ ይሰጣል፤ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ስለሚከፍተው፣ ተረኛው ሁሉ በዘፈን እየታጀበ ነበር የሚገባው። ባቡር ሲመጣ ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ እንቆምና፣ ለማናውቀው መንገደኛ እጃችንን እናወዛውዛለን። በመንግሥቱ በኩል ብዙ ነገር ይለዋወጥ ነበር፤ ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ። ሳይረኑ ግን ያው ሳይረን ነበር።

የእኔ ሥራ ሚዛን ክፍል ነው። ከመፍተያው የሚመጣውን ክር መቶ ሜትር ለክቼ እጠቀልልና፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በተቀመጠች ሚዛን እመዝነዋለሁ። ከብዶ ከተገኘ ክሩ ወፍሯል፣ ከቀለለ ቀጥኗል፤ እዚያ ማዶ ያለው መኪና በእኔ ወረቀት ነው የሚስተካከለው። ሚዛኗ ትንፋሽ የሚያናውጣት ስለነበረች ስመዝን መተንፈስ አቆማለሁ። በሰው ፊት እንዳልኮራ ባፍነውም ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ሽማግሌው መካኒክ ሳይቀር «የሺ ምን አለች?» ሳይል መኪናውን አይነካም።

ባሻ ቶሌራ ደግሞ በሩ ላይ ናቸው። ዛሬ «ጥበቃ» ይባላል፤ ያኔ ዘበኛ ነው። አባታቸው ጤፍ ያረሱበት መሬት አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ነው፤ እሳቸው ግን በልጅነታቸው ወታደር ቤት ገብተው፣ ከዚያ ወጥተው ነው ፋብሪካው የቀጠራቸው። ረዥም፣ ጠይም፣ ካኪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የቆባቸው ጠርዝ ከቅንድባቸው እኩል የሆነ ሰው። ከሚስታቸውና ሌሊሴ ከምትባል አንዲት ሴት ልጃቸው ጋር በግቢው ውስጥ፣ ከበሩ ጎን ባለችው የዘበኛ ቤት ይኖራሉ። ወገባቸው ላይ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለች፤ እጀታዋ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመች፣ አሮጌ። ሌሎቹም ዘበኞች ከእሷው ዓይነት ነው የያዙት። ምሳ ሰዓት ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡና፣ ከመፍተያው በሲኒ በተቀዳ ዘይት ሲወለውሏት ሳይ፣ ሰው ሕፃን የሚያጥብ ነበር የሚመስለኝ። ተኩሰው ሰው መትተው አያውቁም። «ይቺ ላለመተኮስ ነው የተያዘችው» ይሉ ነበር፤ «ላለመተኮስ ግን መምታት ማወቅ ያስፈልጋል።» እኔ ነገሩ ያኔ አልገባኝም፤ አነጋገራቸው ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በየዓመቱ ከክረምት በፊት ዘበኞቹ ከወንዙ ማዶ ባለው የድንጋይ ካባ ይፈተናሉ። በሃያ አምስት እርምጃ ላይ ካርቶን ይቆማል፣ መሐሉ ላይ የሻይ ማስቀመጫ ሰሐን የሚያህል ጥቁር ክብ አለ። ስድስት ጥይት፤ አራቱ ጥቁሩን ካገኘ አለፍክ። ስድስቱ ተተኩሶ ሳያልቅ ወደ ካርቶኑ መቅረብ ክልክል ነው። ባሻ በየዓመቱ ስድስት ከስድስት ያገባሉ፤ ይህ እንደ ሳይረኑ የተለመደ ነገር ነው።

በዚያ ዓመት አዲስ የአስተዳደር ኃላፊ መጣ፤ አቶ ስዩም። ወጣት፣ መነጽር ያደረገ፣ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ አዲስ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ አዲስ ጥይት መጣ፤ ማሸጊያው ሌላ፣ ቀለሁ፣ ማለት ቅርፊቱ፣ ቀላ ያለ፣ ግን ከሽጉጡ ጋር ልክክ የሚል። አሮጌው እያለቀ ስለነበር ለሦስት ዘበኞች ብቻ አዲሱ ታደለ፤ ለባሻ፣ ለግርማና ለበዳዳ። ሦስቱም ወደቁ። ባሻ ከስድስቱ አንዱን ብቻ፣ እሱንም በጥቁሩ ጫፍ ላይ አገቡ። የቀረው ሁሉ ከላይ።

አቶ ስዩም ግርማንና በዳዳን በዚያው ሳምንት አሰናበታቸው። ግርማ ሚስቱ አራስ ነበረች። ለባሻ ግን ስማቸውን አክብሮ «እስከ ዓርብ አንድ ጊዜ ይሞክሩ፤ ካልሆነ መሣሪያውንና ቤቱን ያስረክባሉ፣ ግቢ መጥረግ ላይ እናደርግዎታለን» አላቸው። ወሬው በአንድ ሻይ እረፍት ፋብሪካውን አዳረሰው። ባሻ አረጁ። ዓይናቸው ደከመ። አይ እጃቸው ነው፣ ይንቀጠቀጣል። መጠጥ ጀምረው እንደሆነስ ያለም አልጠፋ። አፍ አይጠፋም መቼም! ውሃ እንኳ በልክ የሚጠጡ ሰው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚዛን ክፍሌ በር ላይ ቆመው ቆባቸውን አወለቁ። ባሻን ያለ ቆብ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል።

«የሺ፣ እጄ ደህና ነው» አሉኝ። «ዓይኔም ደህና ነው። እዚያ ማዶ የተዘረጋው ክር ጥቁር ነው ወይስ ነጭ ብትይኝ ከዚህ ቆሜ እነግርሻለሁ። የተበላሸው ጥይቱ ይመስለኛል። መዝኚልኝ።»

ከመሐረባቸው ውስጥ ሁለት ነገር አወጡ። ከአሮጌው ጥይት አራት ብቻ ነበር የቀራቸው፤ ከአራቱ የአንዱን፣ ከአዲሱም የአንዱን ጫፍ በፒንሳ ነቅለው አምጥተዋል። ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው ክፍል አረር ይባላል፤ ባሩዱም ቀለሁም ሳይጨመር እሱ ብቻውን ነው የሚመዘነው። ጥይት ወደ ሚዛን ክፍል ማስገባት የሚያስባርር ነገር ነበር። እኔ ግን በሩን ዘጋሁና ትንፋሼን ያዝኩ። አሮጌው አሥር ግራም ከጥቂት። አዲሱ አሥራ ሦስት ግራም። ደገምኩት። ሠለስኩት። ያው ነው።

«ባሻ! አዲሱ ይከብዳል! በጣም ይከብዳል!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱን ቁጥር በክፍላችን ወረቀት ላይ ጽፌ ፈረምኩበት። እሳቸው ትንሽ ቆይ፣ ላስብበት ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ወጥቻለሁ። ያለሁበት ዕድሜ መጠበቅ የሚያስችል አልነበረም። ሻሼ ተፈቶ፣ ወረቀቱን እንደ ባንዲራ ይዤ፣ አቶ ስዩም ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። ሁለት የክፍል ኃላፊዎችም ተቀምጠው ነበር።

«ጥፋቱ የባሻ አይደለም! ጥይቱ ነው! አዲሱ ከአሮጌው ሦስት ግራም ይከብዳል፣ ይኸው መዝኜዋለሁ!»

አቶ ስዩም ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ባሻም ከኋላዬ ደርሰዋል።

«ጥሩ» አለ። «ይከብዳል። እሺ፣ ከባድ ነገር ምን ያደርጋል እመቤት?»

«ይወድቃል» አልኩ። የክር ፋብሪካ ሰው ነኝ፣ የከበደ ክር ሲረግብ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ።

«የባሻ ጥይት የት ነው ያረፈው? ከታች ወይስ ከላይ?»

አንደኛው ኃላፊ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ከላይ» አለ አቶ ስዩም ራሱ። «እንግዲህ ከባዱ ጥይት መውደቅ ሲገባው ከፍ ካለ፣ እጃቸው ከምናስበውም በላይ ነው የሚነሳው ማለት ነው። ልታድኛቸው መጥተሽ መሰከርሽባቸው።» ወረቀቱን አጥፎ ለባሻ ሰጣቸው። «ይያዙት፤ ማስረጃው የእርስዎ ነው።» ባሻ ተቀብለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ቁልፉን ቆለፉ፣ እጅ ነስተው ወጡ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ደርሼባቸው «ይቅደዷት ባሻ፣ በእግዜር! እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ይቅደዷት!» እያልኩ አለቀስኩ። እሳቸው ግን አልሰሙኝም፤ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። «ይከብዳል…» ይላሉ ለራሳቸው፣ «ይከብዳል፣ ግን ከላይ…» እንዲህ እያሉ ወደ በራቸው ሄዱ። በዚያች ቀን የመዘንኩት ክር ሁሉ ትክክል መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ ጠሩኝ። ፊታቸው በርቷል። «ነይ እስቲ፣ ከአጠገቤ ቁሚና አውቶቡሱን ተመልከቺ።»

አውቶቡሱ ዳገቱን እየወጣ ነበር። ሻይ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሾፌሩ ቀዝቀዝ ያደርጋል እንጂ አያቆምም፤ ካቆመ ዳገቱ አያስነሳውም። ሰው እየዘለለ ነው የሚወርደው። አንድ ሽንቅጥ ያለ የሽመና ክፍል ልጅ ሻይ ቤቱ ጋ ሲደርስ ፊጥ ብሎ ወረደ። ከእሱ ጋር እኩል የተነሱት እትዬ ቦጋለች፣ ከአሁኗ ከእኔም ይልቅ በደንብ የደለቡ ሴትዮ፣ ዘንቢላቸውን ይዘው፣ እየተገፉ፣ «ቀስ በል አንተ!» እያሉ የመውረጃው በር ላይ እስኪደርሱ አውቶቡሱ ወጥቶ ወጥቶ፣ ከሻይ ቤቱ ከፍ ብላ ያለችው የሲጋራ መሸጫ ጋ ደርሷል። እዚያ ነው የወረዱት።

«እኩል ነው የተነሱት አይደል?» አሉኝ ባሻ። «ማነው ከፍ ብሎ የወረደው?»

«እትዬ ቦጋለች።»

«ከሁለቱ ማነው ከባዱ?»

ባሻ ሽጉጧን ሳያወጡ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ቃታ ሲሳብ ሽጉጥ ዝም ብሎ አይቆምም፤ አረሩ ገና በአፈሙዙ ውስጥ እየሄደ ሳለ አንገቱን ወደ ላይ ማንሳት ይጀምራል። ቀላሉ ፈጥኖ ስለሚወጣ ገና ብዙም ሳይነሳ ጥሎት ይሄዳል። ከባዱ ይዘገያል፣ ርግጫውም ይብሳል፤ አፈሙዙ ላይ እስኪደርስ ሽጉጡ ቀና ብሏል፣ ስለዚህ ወደ ላይ አቅንቶ ይለቀዋል። ማነጣጠሪያዋ ደግሞ ከብረቷ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፣ ዝቅም ከፍም አይደረግ፤ የተለካው ለቀላሉ ነው።

«ግን ከባድ ነገር ይወድቃልኮ ባሻ!» አልኩ፤ የትናንቱ ገና ያንገበግበኛል።

«ይወድቃል፣ ሩቅ ከሄደ። በሃያ አምስት እርምጃ ውስጥ ለመውደቅ ጊዜ የት ያገኛል? አንቺ በትክክል መዝነሻል የሺ። የቸኮልነው ትርጉሙ ላይ ነው።» *የቸኮልነው* ነው ያሉት፤ የቸኮልሽው አላሉም።

«እንግዲያው ቀላል ነው! ዓርብ ትንሽ ዝቅ አድርገው ይተኩሱና ይለፉ፣ ማን ያውቃል?»

ዞር ብለው አዩኝ። «እኔ አልፋለሁ። ግርማና በዳዳስ? እነሱም እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሌሎቹስ ልጆች፣ ነገ ይህንኑ ጥይት ሲታደሉ? የሌባ እግር አነጣጥሮ ሆዱን የሚመታ ዘበኛ ላስቀምጥ?» ከዚያ ቀጥታ አቶ ስዩም ቢሮ ሄደው፣ ከዓርቡ ፈተና በፊት ሐሙስ ዕለት፣ ሦስት አሮጌና ሦስት አዲስ ጥይት ቀላቅለው በምስክር ፊት እንዲተኩሱ ጠየቁ። የቀሯቸው ሦስቱ አሮጌ ጥይቶች እነዚያው ነበሩ። አቶ ስዩም ትከሻውን ሰብቆ እሺ አለ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካባው ሞላ። ከፈረቃው የወጣ ሁሉ ድንጋዩ ላይ ተሰቅሏል፤ ግርማና በዳዳም ዳር ላይ፣ ከሰው ራቅ ብለው ቆመዋል። ሽጉጧን የማጎርሰው እኔ ነበርኩ፤ ባሻ ሳያዩ ስድስቱን እንደፈለግሁ አደባልቄ ሽጉጧ ውስጥ ከትቼ፣ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፌ፣ ዘግቼ ልሰጣቸው። እሳቸው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ካርቶኑ ሳይታይ የትኛው እንደሆነ ሊናገሩ። ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ እጅ ከባዱንና ቀላሉን ይለያል ብለው። ፎክረዋል ብሎ ሰው ተንሾካሾከ። እኔ ፈራሁ። አንዷን ቢሳሳቱስ? ሌሊሴ እንኳ የትምህርት ቤት ሰማያዊዋን ለብሳ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ስለዚህ፣ ለሙላት ሳወራ የዘለልኩት ይህንን ነው፣ ሽጉጧን ሳቀብላቸው ጎንበስ ብዬ «ቀላል፣ ቀላል፣ ከባድ፣ ቀላል፣ ከባድ፣ ከባድ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ባሻ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ቆባቸውን አወለቁ፣ ሽጉጧን ከፈቱ፣ ስድስቱንም ጥይት ቆቡ ውስጥ ዘረገፉ፣ አንቀጨቀጩት። ከዚያ ቆቡንና ሽጉጧን ይዘው ወደ አቶ ስዩም ሄዱ።

«እርስዎ ያጉርሱልኝ» አሉት። «ይቺ ልጅ ትወደኛለች።»

ሰው ሳቀ። እኔ ሙቀቱ ከእግር ጥፍሬ እስከ ጆሮዬ ወጣ። አቶ ስዩም ጀርባውን ሰጥቶ፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ እየጻፈ፣ አጎረሳትና መለሰላቸው። ባሻ ቆባቸውን መልሰው ቅንድባቸው ላይ አስተካከሉ። ወደ ጥቁሩ እንጂ ወደ ሌላ ቦታ እንደማያነጣጥሩ ጮክ ብለው ተናገሩ።

ተኮሱ። «ከባድ» አሉ።

ተኮሱ። «ቀላል።»

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ዘገዩ። «ከባድ» አሉ። «ይገፋል፤ ቀላሉ ይቆነጥጣል።» አራተኛው ከባድ። አምስተኛው ቀላል። ስድስተኛውን ተኩሰው ሽጉጧን ዝቅ ሲያደርጉ «ቀላል፤ አለቀ» አሉ፣ እንደ ሒሳብ አስተማሪ።

ስድስት ጎራሽ እንደ ሌላው ሽጉጥ ቀለሁን አይተፋም፤ ስድስቱም በየጉድጓዱ ተቀምጦ ይቆያል። አቶ ስዩም ሽጉጧን ከፍቶ ቀላ ያለውንና ነጣ ያለውን ቀለህ አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አስተያየ። ከዚያም ወደ ካርቶኑ ሄደ፤ ሁላችንም ተከትለን ተግተለተልን። ሦስት ቀዳዳ በጥቁሩ መሐል፣ በአንድ ሲኒ የሚከደን። ሦስት ቀዳዳ ደግሞ ከእነሱ በላይ፣ እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው። አቶ ስዩም በታችኞቹና በላይኞቹ መካከል ያለውን በጣቱ ለካ። አራት ጣት ነበር። መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው።

«ባሻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በሰው ሁሉ ፊት። «የዓርቡ ፈተና አያስፈልግም። ሥራዎ የእርስዎ ነው።»

እልልታው ቀለጠ። ባሻ ግን ቀበቶአቸውን ፈቱ። ሽጉጧን ከነማኅደሯ ጠቅልለው ድንጋዩ ላይ፣ አቶ ስዩም እግር ሥር አስቀመጡ።

«ሦስት ሰው ነን የወደቅነው» አሉ። «የተነሳው አንድ ከሆነ እሱም ይቅር።»

ሚስታቸው የሌሊሴን እጅ ጨብጠው ይዘዋል፤ ቤታቸው ናትና ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው። አቶ ስዩም መጀመሪያ ሽጉጧን፣ ከዚያ ግርማንና በዳዳን አየ። ጎንበስ አለና በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ባሻ ዘረጋት። «ነገ ጠዋት ሦስታችሁም ተረኛ ናችሁ፤ ያ ጥይትም ይመለሳል» አለ። ግርማ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ያን የመሰለ ጎልማሳ።

ወደ ፋብሪካ ስንመለስ ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ባቡር አስቆመን። ባሻ አጠገቤ ነበሩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ ለመንገደኞቹ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ከዚያ ሻይ ቤት ገብተን ሻይና ዳቦ ጋበዙኝ። ስለዚያች ሹክሹክታ ያን ዕለትም፣ ጡረታ እስኪወጡም፣ ከዚያም በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ከዚያ ወዲያ ለሰው ብዬ ከፍም ዝቅም ያደረግሁት ቁጥር የለም፤ የክፍል አለቃዬ ተለማምጦኝ፣ ተቆጥቶኝም አያውቅም ማለቴ አይደለም።

አሁን ካባው የለም፤ ተሞልቶ ፎቅ ቆሞበታል። ዳገቱን ሚኒባሱ ሳያቃስት ይወጣዋል፤ ከሚኒባሱ ዘግይቼ የምወርደው ግን እኔው ሆኛለሁ፣ ረዳቱ «እናት ፈጠን በሉ!» ሲለኝ እትዬ ቦጋለች ትዝ ይሉኛል። ባሻ ያረፉት ግርማ የዘበኞች አለቃ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ሌሊሴ፣ እሷም አሁን የልጆች እናት ናት፣ ወደ ጓዳ ወስዳ የሽጉጥ መወልወያቸውን የቆርቆሮ ሣጥን ሰጠችኝ። «ለአንቺ ነው ያሉት» አለችኝ። ስከፍተው ያ ዘይት ሸተተ። ውስጡ ጨርቅና ብሩሽ፣ ከሥር ደግሞ አራት ላይ የታጠፈች፣ ዘይት የጠጣች ወረቀት አለች። የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ሁለት ቁጥርና ፊርማዬ። ይቅደዷት ብዬ ያለቀስኩባት ወረቀት። ባሻ ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ስለነበር ጽሕፈታቸው ትልልቅ፣ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ከፊርማዬ ሥር እንዲህ ጽፈውበታል፦

«የሺ የመዘነችው። ልክ ነው።»